ከካቡ የጎደሉ ሦስት ድንጋዮች

አንድ ካብ በመካብ ያረጁ ሰው ነበሩ። ስማቸው አያ ቢምረው ይባላል። የሚኖሩት ከአፈሩ ይልቅ ድንጋዩ በሚበዛበት አገር ነው። እዚያ አገር ማሳው ከመታረሱ በፊት ድንጋዩ ይለቀማል፤ የተለቀመው ድንጋይ ተክቦ አጥር ይሆናል። በጭቃ አይመረግም፤ በኖራ አይያያዝም። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ልኩን አግኝቶ ይቀመጣል፣ በቃ። አያ ቢምረው አርባ ዓመት ሙሉ ሲክቡ ከእጃቸው የወጣ አንድም ካብ ወድቆ አያውቅም። መንገደኛ በካባቸው አጠገብ ሲያልፍ በመዳፉ ቸብ ቸብ ያደርገውና "ክንድህ ይባረክ ቢምረው!" ብሎ ያልፋል። እሳቸው ባይኖሩም፣ ባይሰሙም ይባላል።

አንድ ምኞት ብቻ ቀርቷቸው ነበር። ከመንደሩ በታች ያለው ምንጭ ክረምት በመጣ ቁጥር ዳሩ ይናድበታል፤ ውሃው ይደፈርሳል። አያ ቢምረው ሳይሞቱ ያንን ምንጭ ሊክቡት ይፈልጋሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከየገደሉ ጥሩ ጥሩ ድንጋይ እየመረጡ ምንጩ አጠገብ ሲያከማቹ ኖረዋል። ሽማግሌዎቹም "ከመጪው ጥምቀት በኋላ ሥራው ያንተ ነው" ብለዋቸዋል።

ሰው ሁሉ ያጥራል፤ አጥሩ ግን እንደየአገሩ ነው። ከዚያ አገር ቁልቁል ሲወረድ ያለው ቆላ የእሾህ አጥር አለው። የግራር ቅርንጫፍ ተቆርጦ ይደረደራል፣ ምስጥ ይበላዋል፣ በዓመቱ እንደገና ይቆረጣል። የቆላ ሰዎች "አጥር እንደ ቂም ነው፤ በየዓመቱ ካላደሱት በራሱ ጊዜ ያልቃል" ይላሉ። ከወንዙ ማዶ ያሉት ቁልቋል ይተክላሉ፤ አያት በተከለው የልጅ ልጅ ይከለላል። ሽቅብ ሲወጣ ደግሞ፣ ጉሙ ከማይገፈፍበት ደጋ ላይ፣ አጥር የሚሠራው ከቀርከሃ ነው። ቀርከሃው ይሰነጠቃል፤ እንደ ቅርጫትም ይታታል።

በቀርከሃው አገር አንድ ወግ አለ። የወንድ እናት ልጇን ለመዳር ስትነሳ የልጅቷን መልክ ከማየቷ በፊት አጥሯን ታያለች። ነጠላዋን በአጥሩ ላይ ጣል አድርጋ እየጎተተች ከዳር እስከ ዳር ትሄዳለች። ነጠላው ሳይያዝ ካለፈ ልጅቷ ባለሙያ ናት። አንድ የወጣ ጫፍ ክሩን ከመዘዘው ግን የጋብቻው ወሬ እዚያው አለቀ። ስለዚህ የዚያ አገር ሴቶች ክረምት ሳይገባ ማጭድ ይዘው አጥራቸውን ይዞራሉ፤ የወጣ ጫፍ ካዩ ይቆርጣሉ። ሲያልፉም ሲያገድሙም ይቆርጣሉ። እጃቸው ያለ ሐሳብ ይቆርጣል።

እንጉዳይ የዚያ አገር ልጅ ናት። የስንቷ እናት ነጠላ በአጥሯ ላይ ሳይያዝ አልፏል። ያገባት ግን ነጠላ የምትጎትት እናት የሌለችው፣ ከድንጋዩ አገር የመጣ ሸጋው የሚባል ነጋዴ ነው። በጥር አገባት። ፋሲካ እንዳለፈ "ለመስከረም እመለሳለሁ" ብሎ በቅሎዎቹን እየነዳ ወደ ጨው ንግዱ ሄደ።

እንጉዳይ በሰው አገር ብቻዋን ቀረች። ዘመድ የላትም፤ ያለቻት ከካቡ ማዶ የምትኖር ጎረቤቷ ባንቺአምላክ ነች። ባንቺአምላክ ምላሷ እንደ ሚጥሚጣ የሚያቃጥል፣ እጇ ግን ለመስጠት የማይሰስት ሴት ነበረች። ጠዋት ጠዋት በካቡ ላይ ብቅ ትልና፣

"አንቺ የቀርከሃ ልጅ! ነይ ጎመን ተቀበዪ። ባልሽ ሳይመጣ ከስተሽ ነፋስ ቢወስድሽ እኔ ነኝ የምጠየቀው" ትላለች።

በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለውን ካብ አያ ቢምረው ከሠላሳ ዓመት በፊት የካቡት ነው። ቁመቱ እስከ ደረት ይደርሳል። ከወገብ ከፍ ብሎ ሦስት ረጃጅም ጠፍጣፋ ድንጋዮች ጫፋቸው አንድ አንድ ስንዝር ያህል ወደ እንጉዳይ ግቢ ወጥቷል። እንጉዳይ ከመጣችበት ቀን ጀምሮ ዓይኗን ይወጓታል። አንድ ቀን ውሃ ይዛ ስታልፍ ቀሚሷን ያዙና ቀደዱባት። ያን ዕለት ሌላ ነገር አልታሰባትም። እናቷ ልትጠይቃት ብትመጣና ይህን ብታይ ምን ትላለች?

ግንቦት ላይ ክረምቱ ሳይገባ ተነሳች። ከላይ ያለውን ድንጋይ በጥንቃቄ አወረደች፤ የወጣውን ረጅም ድንጋይ መዥርጣ አወጣች፤ ክፍተቱን በትናንሽ ድንጋይ ሞላች፤ ያወረደችውን መልሳ ደረደረች። ለእያንዳንዱ ድንጋይ አንድ ሙሉ ቀን ፈጀባት። በባንቺአምላክ በኩል ያለው የካቡ ፊት ሁለት የንብ ቀፎ የተደገፈበት፣ የአምናው የዱባ ሐረግም የተንጠለጠለበት ስለነበረ ምንም አልታየም። ድምፁ ግን ይሰማ ነበር።

"ምንድን ነው የምታንኳኪው?" አለች ባንቺአምላክ ከማዶ።

"ቤት እያሰናዳሁ ነው እትዬ ባንቺ።"

"ጎሽ! ሙሽራ እንዲህ ናት! የኔዋ ምራት ብትሆን ይሄኔ እንቅልፍ ላይ ናት።"

ከሦስቱ ድንጋዮች ትልቁን በሯ አጠገብ መቀመጫ አደረገችው። ሁለተኛው የበሩ መረገጫ ሆነ። ሦስተኛው ላይ ልብስ ታጥብበት ጀመር። ሲያልቅ ነጠላዋን በካቡ ላይ ጣል አድርጋ ከዳር እስከ ዳር ጎተተችው። አልተያዘም። እንጉዳይ ያን ቀን ደስ ብሏት ዋለች።

ክረምቱ ገባ። ካቡ ውሃ ጠጣ፤ ቀስ በቀስም ሆዱን ነፋ። በነሐሴ አንድ ከሰዓት በኋላ ከባድ በረዶ ጥሎ እንዳባራ፣ በሁለቱ ቤቶች መካከል የነበረው ካብ ከላይ እስከ ታች ተዘረገፈ። ሰው አልነካም። የባንቺአምላክን ሁለት ቀፎዎች ግን አደቀቃቸው። ንቦቹ ሦስት ቀን ፍርስራሹን ሲዞሩ ሰንብተው አገሩን ጥለው ሄዱ።

በድንጋዩ አገር ካቢው በሕይወት እያለ ካቡ ከወደቀ፣ መዶሻውን ለሽማግሌ ያስረክባል። የወደቀበት ምክንያት ተጣርቶ ከበደል እስኪነጻ ድረስ ማንም አይጠራውም። አያ ቢምረው ካባቸው ወደቀ ሲባል መጀመሪያ አላመኑም። በማግስቱ ሊያዩ መጡ። እጅጌያቸውን ሰብስበው ፍርስራሹን አንድ በአንድ እያነሱ ይለዩ ጀመር፤ እያንዳንዱንም ድንጋይ ያነጋግሩታል።

"አንተ እዚህ አልነበርክም፤ ማን አመጣህ?" ይላሉ። ሌላውን ያነሱና "አንተስ ድሮም ሰነፍ ነህ፤ አውቅሃለሁ" ይላሉ።

እንጉዳይ በሯ ላይ ቆማ ስትሰማ ሳቋ መጣ። ወዲያው ግን ሽማግሌው ጨዋታቸውን አቆሙ። ቆጠሩ፤ ደግመው ቆጠሩ።

"ሦስቱ አማቾች የሉም" አሉ ለራሳቸው።

"አማቾች ምንድን ናቸው አያ?"

"ካብ ሲያዩት አንድ ይመስላል እንጂ ሁለት ነው ልጄ" አሉ፤ ሥራቸውን ሲጠየቁ ደስ ይላቸዋል። "አንዱ ፊት ወዳንቺ ነው፣ አንዱ ፊት ወደ ባንቺአምላክ። መሀሉ ጠጠር ነው። ሁለቱ ፊቶች እንደተኳረፈ ጎረቤት ጀርባ ለጀርባ ቆመዋል። ዝናብ ሲገባ ጠጠሩ ያብጥና ሁለቱን ወደ ውጭ ይገፋቸዋል። እንዳይለያዩ የሚይዛቸው ከዳር እስከ ዳር የሚደርስ ረጅም ድንጋይ ነው። እግሩ እዚያ ቤት፣ ራሱ እዚህ ቤት። እኔ አማች እለዋለሁ። አማች ነውና አፍንጫው ትንሽ ወጣ ይላል። ይቻላል እንጂ ምን ይደረጋል!"

ሳቁ። እንጉዳይ አልሳቀችም።

"ይቀመጡ አያ፤ የሚጠጣ ላምጣልዎ" ብላ ወደ ቤት ገባች። የገባችው ፊቷን ለመደበቅ ነው።

ጠላ ይዛ ስትወጣ ሽማግሌው በሩ አጠገብ ባለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። አያ ቢምረው አማች የሚሉትን ድንጋይ ሁሉ ከመካባቸው በፊት ሆዱን በመዶሻ ሦስት ጊዜ ይወቅሩታል፤ በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ እያሉ። አሁን ቀኝ እጃቸው በተቀመጡበት ድንጋይ ሥር ገብቷል። ጣታቸው አንዱን ወቀራ አገኘ፤ ሁለተኛውን አገኘ፤ ሦስተኛውን አገኘ።

ጠላውን ተቀበሉ። ጥቂት ጠጡ።

"ባገርሽ አጥሩ እንዴት ነው የሚሠራው?" አሏት።

ስለ ቀርከሃው ነገረቻቸው። ስለ ነጠላውም ነገረቻቸው።

"ጫፍ የወጣ እንደሆነስ?"

"ይቆረጣል።"

"ይቆረጣል" አሉ እሳቸውም። ከዚያ ዓይናቸው እንባ እስኪያወጣ ሳቁ። "እኔ እዚያ አገር ተወልጄ ቢሆን ሚስት ሳላገኝ እሞት ነበር!"

ዋንጫውን አስቀመጡ። ድንጋዩን አዩ፤ እሷን አዩ፤ ጥቂትም ጠበቁ። እንጉዳይ መሬት መሬቱን አየች።

"እግዜር ይስጥልኝ ልጄ" ብለው ተነስተው ሄዱ።

እንዳወቁ አወቀች። ተከትላቸው ሮጣ ልትነግራቸው እስከ ግቢው ጫፍ ደርሳ ነበር። ግን ሙሽራ ናት፤ ወልዳ አልሳመች፤ ባሏ አጠገቧ የለ። በዚያ አገር "ካብ ያፈረሰች ትዳር አታቆምም" ሲባል ሰምታለች። ወደ እናቴ ቤት ይመልሱኛል ብላ ፈራች። ነገ እነግራቸዋለሁ አለች።

በመስከረም ሸጋው ተመለሰ። ከበቅሎው ሳይወርድ መቀመጫውን አየ።

"ጥሩ ድንጋይ ነው። ከየት አመጣሽው?"

"ከወንዝ" አለች።

አንዲት ቃል ናት። ካፏ ከወጣች በኋላ ግን ነገ የምትለው ነገር ሁሉ ሁለት እጥፍ ከበደ። ከእንግዲህ ድንጋዩን ብቻ ሳይሆን ወንዙንም ማንሳት አለባት።

መስቀል እንዳለፈ ሽማግሌዎቹ ሸንጎ በሚቀመጡበት ሾላ ሥር ተሰበሰቡ። ዳኛ አየልኝ ጠየቁ።

"ቢምረው፣ ካቡ ለምን ወደቀ?"

"ድንጋይ ጎደለው።"

"ማን አጎደለው?"

አያ ቢምረው መዶሻቸውን በእጃቸው አገላበጡት። "ጥፋቱ የኔ ነው። መናገር የነበረብኝን ሳልናገር ቀረሁ።"

ይህ መልስ ለማንም አልገባም። ከኋላ አንድ ጎረምሳ "አያ ዓይናቸው ደክሟል፤ ድንችና ድንጋይ ተምታቶባቸው ይሆናል" አለና ሰው ሳቀ። ሽማግሌው አብረው ሳቁ። መዶሻቸውን ዳኛው እግር ሥር አኖሩ። እንጉዳይ ከሴቶቹ መሀል ቆማ ነበር። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

ከዚያ ቀን ወዲህ በካብ አጠገብ የሚያልፍ ሰው መዳፉን ማሳረፍ ተወ። የካብ ወራት ደረሰ፤ አያ ቢምረውን የጠራ የለም። ሥራ የፈታ እጃቸውን ይዘው በየቀኑ እንጉዳይ ደጃፍ መምጣት ለመዱ። "ይህ ድንጋይ ለወገቤ ይስማማኛል" ይላሉና ይቀመጣሉ። ከመሬት ጠጠር ያነሱና አንዱን ባንዱ ላይ ይክባሉ፤ ያፈርሱታል፤ እንደገና ይክባሉ። እሷ ቆሎ ታቀርብላቸዋለች። ስለ ጤናዋ ይጠይቋታል፤ ስለ እናቷ ይጠይቋታል። ስለ ድንጋዩ አንድ ቀን አንስተው አያውቁም። ቢቆጧት በወደደች ነበር።

ጥምቀት አለፈ። የምንጩ ሥራ ለሌላ ሰው ሊሰጥ፣ ከሩቅ መንደር አንድ ካቢ ተጠራ። ስምምነቱ በሚደረግበት ዕለት ጠዋት አያ ቢምረው በእንጉዳይ ደጅ አለፉ፤ አልተቀመጡም።

"ዛሬ ቸኩያለሁ ልጄ። ለሰውዬው ድንጋዮቼን ላሳየው ነው። ሁለት ዓመት የለቀምኳቸው ናቸው፤ የትኛው የት እንደሚገባ ካልነገርኩት ያበላሻቸዋል" አሉና ቁልቁል ወረዱ።

እንጉዳይ ባዶውን ድንጋይ አየችው። ከዚያ ገመድ አመጣች። በቀርከሃ አገር ሴቶች ሸክም የሚሸከሙት በጀርባቸው ነው። ድንጋዩን አጋድማ ታስረው ጀመር። ሸጋው ከቤት ወጣ።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ከወንዝ አላመጣሁትም" አለች።

"ምኑን?"

"ድንጋዩን። ከወንዝ አይደለም።"

ሸጋው የድንጋዩ አገር ልጅ ነው፤ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገውም። ድንጋዩን አየ፤ ፍርስራሹን አየ፤ እጁን በራሱ ላይ ጫነ። ከዚያ ወደ ገመዱ ጎንበስ ብሎ፣

"ልሸከምልሽ" አላት።

"ያወጣኸው አንተ አይደለህም።"

"እንግዲያው ሁለቱን በበቅሎ ላምጣልሽ" አለና የበሩን መረገጫ ይነቅል ጀመር።

እንጉዳይ ሾላው ሥር ስትደርስ ከሸክሙ የተነሳ ጎብጣ ፊቷ አይታይም ነበር። ሰው መንገድ ለቀቀላት። ድንጋዩን ከዳኛው ፊት አወረደችና ገለበጠችው። ሦስቱ ወቀራዎች ለሁሉ ታዩ።

"ይህ የአያ ቢምረው አማች ነው" አለች። "ሁለቱ ከኋላዬ እየመጡ ነው። ካቡን ያፈረስኩት እኔ ነኝ። ያወጣኋቸው ባለማወቅ ነው፤ ዝም ያልኩት ግን እያወቅሁ ነው።"

መጀመሪያ የተናገረችው ባንቺአምላክ ናት።

"ንቦቼን ያባረርሽብኝ አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ እትዬ።"

"አምስት ወር ሙሉ ጎመኔን እየበላሽ? ካብ በነበረ ጊዜስ ከወዲያ አቀብልሽ ነበር፤ ከወደቀ በኋላ በዚህ ጉልበቴ ፍርስራሹን እየተንፏቀቅኩ ነው ያመጣሁልሽ!"

የሳቀ ሰው አለ። ዳኛ አየልኝ ግን ወደ ሽማግሌው ዞሩ።

"ቢምረው፣ ታውቅ ነበር?"

"በማግስቱ አውቄያለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርክም?"

"ተናገርኩ እኮ። ጥፋቱ የኔ ነው አልኩ። ሙሽራ ወደ አገራችን ስትመጣ ዘመዱን እናሳያታለን፣ በዓሉን እንነግራታለን። ካባችንን ማን አሳያት? የካብኩት እኔ ነኝ፤ መንገር የነበረብኝም እኔ ነኝ። ደግሞስ የኔ ስም አርጅቷል፤ ቢወድቅም ተንከባልሎ ሩቅ አይሄድም። የሷ ስም ገና ጡት ያልጣለ ነው።"

ዳኛው ወደ ድንጋዩ አመለከቱ። "ደግነትህ መልካም ነው። ግን ይህች ልጅ ይህን ድንጋይ የተሸከመችው ዛሬ አይደለም፤ አምስት ወሯ ነው። ቀደም ብለህ 'አውርጂው' ብትላት ምን ነበረበት?"

አያ ቢምረው አንገታቸውን ደፉ። "እሱንም አጥፍቻለሁ። በየቀኑ ሄጄ የምቀመጠው አጠገቧ ስሆን ለመናገር ይቀላት እንደሆነ ብዬ ነበር። ለካ የተቀመጥኩት ሸክሟ ላይ ነው።"

ይህን ሲሉ እንጉዳይ እስከዚያ የያዘችው እንባ መጣ። ዳኛው መዶሻውን አምጥተው በሽማግሌው እጅ አኖሩት። ከሩቅ የመጣው ካቢ በቅን ልብ የመጣ ሰው ስለነበረ "እኔ ድንጋይ ላቀብላቸው" አለ። እንጉዳይ ላይ የተፈረደው ደግሞ ምንጩ ተክቦ እስኪያልቅ ድንጋይ እንድትሸከም ነው። ባንቺአምላክ የራሷን ፍርድ ጨመረችበት።

"በቀርከሃ አገር ቀፎ መታታት ታውቃላችሁ አይደል? ሁለት ትሠሪልኛለሽ። ቀፎዬ ላይ ግን አንድም ጫፍ እንዳታስቀሪ!"

ምንጩ መካብ ተጀመረ። አማች ድንጋዮቹ የሚገቡበት ረድፍ ላይ ሲደረስ አያ ቢምረው ድንጋዩን በመዶሻ ነካ ነካ አድርገው ወደ እንጉዳይ ዞሩ።

"ላንቺ ስል አፍንጫቸውን ልቁረጠው እንዴ?" አሉ እየሳቁ።

"አይሆንም አያ። እንዲያውም ሁለት ስንዝር ይውጡ።"

"ለምን?"

"እንስራ ይቀመጥባቸዋል።"

እስከዚያ ቀን ድረስ የመንደሩ ሴቶች እንስራቸውን ጭቃ ላይ እያስቀመጡ፣ ለማንሳትም የሚያሸክማቸው ሰው ይጠብቁ ነበር። ድንጋዩ ከወገብ ከፍ ብሎ ከወጣ ግን አንዲት ሴት ብቻዋን ጀርባዋን ሰጥታ እንስራዋን ማንሳት ትችላለች። ሽማግሌው መዶሻቸውን አስቀመጡ።

"አርባ ዓመት ስክብ ይህ አልታየኝም" አሉ።

አያ ቢምረው ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ምንጩ ጥሩ ውሃ ነው። ከካቡ ወጣ ብለው የተተዉት ድንጋዮች ከእንስራ ብዛት ለስልሰዋል። ውሃ ቀድታ የምትሄድ ሴት ካቡን በመዳፏ ቸብ ታደርገውና "ክንድህ ይባረክ ቢምረው! ጀርባሽ ይባረክ እንጉዳይ!" ብላ ታልፋለች።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ይህ ነው። ወደ እኛ ግቢ ወጣ ብሎ ዓይናችንን የሚወጋን ነገር፣ አንዳንዴ እኛንና ጎረቤታችንን አንድ ላይ አቁሞ የያዘው እሱ ይሆናል። የአማች ጠባይ፣ የሰው አገር ወግ፣ የአንድ ሽማግሌ ደጋግሞ መምጣት ሊሆን ይችላል። ከመንቀላችን በፊት ለምን እንደተቀመጠ እንጠይቅ። ለእንግዳ ደግሞ ሳይጠይቀን እንንገረው። ያበላሸ ሰው ስናይም ሸክሙ ላይ ተቀምጠን አንጠብቀው፤ "አውርደው" እንበለው።

ሳናውቅ ከነቀልነው ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ባለማወቅ ያወጣነው ድንጋይ ያን ያህል አይከብድም። የሚከብደው "ከወንዝ ነው" ያልንለት ነው። እኔም እንዲህ ያልኩለት አንድ ድንጋይ አለኝ፤ ካቢው በሕይወት ሳለ አልመለስኩትም። እናንተ ግን ጊዜ ይኖራችኋል ብዬ ነው የምነግራችሁ።

በናንተ ደጃፍ ያለው መቀመጫ የማን ድንጋይ ነው?